አራስ ልጅ በቀንና በሌሊት ስንት ጊዜ ይጥባ?

ልጅ የተወለደለት ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት አዋላጂቱን፥ ሐኪሙን፥ አማቱንና ጎረቤቱን ደጋግሞ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ሕፃኑ በቀንና በሌሊት ስንት ጊዜ ይጥባ?» የሚል ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ የጓዳ ነገር ስለ ሆነ ለሴቶች ይተው የሚሉ ወንዶችም ጥቂቶች አይደሉም። እኔ ግን ሴቶቹን ሳልጠይቅ በራሴ ሥልጣን መልስ ሰጥቼ ነበር፤ መልሱም ስሕተት ስለ ነበረ የመጀመሪያ ልጄን ላጣት ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ነገሩ ከሆነ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል። በልቤ ይዤው ከምቀር ለዚህ ገጽ አንባቢዎች፥ ይልቁንም አዲስ አባት ለሆኑት፥ እንደ ሆነው አድርጌ ልንገር ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

ልጃችን የተወለደችው በአዲስ አበባ በአንድ ሐኪም ቤት፥ በሰኔ ወር ማለቂያ፥ ዝናሙ ቀንና ሌሊት በማያቋርጥበት ጊዜ ነበር። ከቀኗ ሦስት ሳምንት ያህል ቀድማ መጣች፤ ክብደቷም 2 ኪሎ ከ900 ግራም ሆነ። እናቲቱም ልጂቱም ደኅና ስለ ነበሩ በማግሥቱ ወደ ቤታችን ተመለስን። ዘመድ ወዳጁ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል ይወጣል፤ ገንፎው ይገነፋል፤ አጥሚቱ ይጣዳል። አማቴም ከደብረ ብርሃን መጥተው የአራስ ቤቱን ሥራ በእጃቸው አደረጉ።

እኔ በዚያን ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሹም ነበርሁ። ደብዳቤ መቼ ገባ፥ መቼ ወጣ፥ ማን ተቀበለው፥ ማን ፈረመበት እያሉ መጠየቅ ሥራዬ ስለ ነበረ፤ ሰዓቱና መስመሩ ያልታወቀ ነገር ሁሉ ያስጨንቀኝ ነበር። ደግሞም አንድ ወዳጄ ከውጭ አገር ሲመለስ ያመጣልኝ፥ ሽፋኑ ተቀዶ የደራሲው ስም የጠፋ፥ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አሮጌ የልጅ አስተዳደግ መጽሐፍ ነበረኝ። መጽሐፉ እንዲህ ይል ነበር፦ ሕፃን በየአራት ሰዓቱ፥ በቀን አምስት ጊዜ ይጥባ፤ ሌሊት ምንም አይሰጠው፤ ባለቀሰ ቍጥር ጡት የሚሰጠው ልጅ ሆዱም ጠባዩም ይበላሻል። ይህ ቃል ለመዝገብ ቤት ሹም እንዴት እንደሚጥም አንባቢ ያስበው!

ወዲያው ነጭ ወረቀት በማስመሪያ አሰመርሁና «ከጠዋቱ 12 ሰዓት፥ ከረፋዱ 4 ሰዓት፥ ከቀኑ 8 ሰዓት፥ ከምሽቱ 12 ሰዓት፥ ከምሽቱ 4 ሰዓት» ብዬ ጻፍሁ። በየሰዓቱ ትይዩም «ምን ያህል ደቂቃ ጠባች» የሚል ዓምድ፥ በመጨረሻም የፊርማ ዓምድ አደረግሁ። ፊርማውን ማን እንዲፈርመው እንዳሰብሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወረቀቱንም ከአልጋው ራስጌ ላይ ለጠፍሁት። ባለቤቴ አይታ ሳቀች፤ ነገር ግን መጽሐፉን ይዤ ስለ ተናገርሁ፥ እርሷም በምጡ ደክማ ስለ ነበር፥ እሺ አለች። ከዚያ በኋላ ልጂቱ በመካከል አፏን ስትከፍት ያየናት እንደ ሆነ ባለቤቴ ወደ ግድግዳው ትመለከታለች፤ ሰዓቱ ካልደረሰም ልጂቱን እሹሩሩ ብላ ታስተኛታለች።

ልጂቱም እሺ ብላ ተኛች። ነገሩን ያጠፋውም ይኸው እሺታዋ ነው። እንደሚጮሁት ልጆች ብትጮህ ኖሮ ወረቀቴ አንድ ሌሊት አያድርም ነበር። እርሷ ግን ሰዓቱ ደርሶ ሲቀሰቅሷት ሁለት ሦስት ደቂቃ ከንፈሯን አነቃንቃ ተመልሳ ታንቀላፋለች፤ እኔም «ጠባች» ብዬ እጽፋለሁ። አራስ ጥየቃ የሚመጣው ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት! ድምፅዋም አይሰማ!» ይላል፤ እኔም ምስጋናው ለወረቀቴ የተሰጠ ያህል ደስ ይለኛል።

በአራተኛው ሌሊት አማቴ ነጠላቸውን እንደ ተከናነቡ ወደምጽፍበት ክፍል መጥተው በበሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፥ የዚች ልጅ ዝምታዋ አላማረኝም» አሉኝ። «አራስ ልጅ ያለቅሳል እንጂ እንዲህ አይተኛም። እኔ ሰባት ወልጄ አጥብቻለሁ፤ ሰዓት አይቼ ጡት የሰጠሁት አንድም የለኝ።»

«እመይቴ፥ ያ ዱሮ ነው» አልኋቸው። «ዛሬ ሁሉም ነገር በሥርዓት ሆኗል።»

«ሥርዓቱን ልጂቱ ታውቀዋለች ወይ?» ብለው ጥቂት ቆሙ፤ መልስ ባጡ ጊዜም ተመልሰው ሄዱ።

በአምስተኛው ቀን ማለዳ ባለቤቴ የልጂቱን ጨርቅ ልትለውጥ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደቻት። ከማታ ጀምሮ የነበረው ጨርቅ እንደ ደረቀ ነው። ፊቷንና ደረቷን ብናይ ቢጫ ሆኗል፤ የዓይኗም ነጩ እንደ እርድ ነው። ብንጠራት፥ ብንነካካት፥ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ ትከድናለች እንጂ አልነቃም አለች። በዚያ ዝናም ወደ ሐኪም ቤት እንዴት እንደ ደረስን በሚገባ አላስታውሰውም።

የተቀበሉን ሐኪም በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። ልጂቱን አራቁተው ሚዛን ላይ አኖሯት፤ 2 ኪሎ ከ500 ሆነች። በወረቀት ጠርዝ ላይ አሰሉና «400 ግራም ጎድላለች፤ ከመቶ ወደ 14 እጅ ነው» አሉ። ሕፃን ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀኖች ጥቂት ክብደት መቀነሱ የታወቀ ነው፤ ከመቶ እስከ ሰባት እጅ ቢሆን ብዙ አያስደነግጥም፤ ወደ አሥር ሲቀርብ ግን ሐኪም ሳያይ የሚታደር አይደለም። ቀጥለውም «በቀንና በሌሊት ስንት ጊዜ ትጠባለች?» ብለው ጠየቁ። እኔም፥ እንዳሳፍር ተጽፎብኝ፥ ያን ወረቀት ከግድግዳው ገንጥዬ በኪሴ ይዤው ኖሮ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያም ሳይቈጡ፥ «ጌታዬ፥ ይህ ወረቀት ሁሉን ጽፏል፤ ልጂቱ መዋጧን ግን አልጻፈም» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአራስ ልጅ ደም ውስጥ ሐኪሞች ቢሊሩቢን የሚሉት ቢጫ ነገር ይበዛል፤ ከሰውነቱም የሚወጣው በዓይነ ምድር በኩል ነው። ልጅ በደንብ ካልጠባ ዓይነ ምድሩ በአንጀቱ ውስጥ ይቈያል፤ ቢጫውም ነገር ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ይህ ሲበዛ ልጁን ያስተኛዋል፤ የተኛ ልጅም አይጠባም፤ ያልጠባ ልጅም ይብስ ቢጫ ይሆናል። ቢጫው እጅግ ሲበዛ አንጎልን እስከ መጕዳት ይደርሳል። ስለዚህ እኔ ጨዋነት ብዬ ያመሰገንሁት የልጂቱ ዝምታ ረኃብ ነበር። ጥቂት ቀድመው የተወለዱ ልጆች ደግሞ ገና ጕልበት ስላላገኙ ለዚህ ነገር ከሌሎች ይልቅ የቀረቡ ናቸው።

ሁለት ሌሊት በሰማያዊ ብርሃን ሥር አስተኟት። በየሁለት ሰዓቱ እየቀሰቀስን እንድናጠባት ታዘዝን፤ አቀሳቀሱንም አስተማሩን። ጨርቋን መፍታት፥ የእግሯን ውስጥ ማሸት፥ ራቁቷን በእናቷ ደረት ላይ ማኖር፥ ጡት ይዛ ስታንቀላፋ ጡቱን በእጅ ጫን እያሉ ወተቱን ወደ አፏ ማድረስ። ከጠባች በኋላም ባለቤቴ በጡቷ የቀረውን ወተት በእጇ እያለበች በትንሽ ስኒ ታኖራለች፤ እኔም በማንኪያ ጫፍ ቀስ እያልሁ አጠጣታለሁ። በመጀመሪያው ቀንና ሌሊት ብቈጥር አሥራ አንድ ጊዜ ሆነ። ወረቀቴ አምስት ይል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ፥ ሰዓቱ ሳይደርስ፥ ማንም ሳይቀሰቅሳት፥ አፏን ከፍታ ጮኸች። ባለቤቴ ስትሰማ እንባዋ ወረደ። እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ደስ የሚያሰኝ ጩኸት አልሰማሁም። በተወለደች በአሥራ ስድስተኛው ቀን ወደ ትውልድ ክብደቷ ተመለሰች፤ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣም ከአምስት ኪሎ አልፋ የክርስትና እናቷን ክንድ አደከመች።

በእነዚያ ሌሊቶች እኒያ ሐኪም ወተት እንዴት እንደሚሠራ አስረዱኝ፤ እኔም በኋላ ጊዜ ካገኘኋቸው መጻሕፍት ጨምሬ አነበብሁ። እኔ የእናት ጡት እንደ ግምጃ ቤት መስሎኝ ነበር፤ ወጪው ሲቀንስ ተቀማጩ የሚበዛ። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ኖሯል። ልጅ በሚጠባበት ጊዜ ከእናቲቱ አንጎል ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ ሁለት ሆርሞኖች ወደ ደሟ ይወጣሉ። አንደኛው ፕሮላክቲን ነው፤ ወተቱን ያሠራል፤ ሌሊትም ከቀን ይልቅ ይበዛል። ሁለተኛው ኦክሲቶሲን ነው፤ የተሠራውን ወተት ወደ ጡቱ ጫፍ ይገፋል። ወተቱ ሳይጠባ ሲከማች ጡቱ ራሱ ሥራውን ያቀዘቅዛል፤ ሲጠባና ባዶ ሲሆን ግን ያፋጥነዋል። ስለዚህ «ጡትሽን አሳርፊው፥ ወተቱ ይጠራቀም» የሚለው ምክር፥ በቅን ልቡና ቢነገርም፥ ወተቱን ቀስ በቀስ የሚያደርቅ ምክር ነው። ሌሊት አይጥባ የሚለው የመጽሐፌ ትእዛዝም ወተት በሚበጅበት ሰዓት ላይ የተዘጋ በር ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ጥንቸል ልጆቿን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ አጥብታ ትታቸው ትሄዳለች፤ ስለዚህ ወተቷ እጅግ የወፈረና ለብዙ ሰዓት የሚያቈይ ነው። የላም ወተት ከመቶ ሦስት እጅ የሚበልጥ ፕሮቲን አለው፤ የሴት ወተት ያለው ግን አንድ እጅ ያህል ነው። ቀጭን ነው፤ ቶሎም ይፈጫል፤ ስለዚህም ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። ሜልቪን ኮነርና ካሮል ወርትማን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት በ1980 ባሳተሙት ጥናት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)፥ በካላሃሪ በረሃ የሚኖሩ የኩንግ ሕዝብ እናቶች በነቁበት ጊዜ በሰዓት አራት ጊዜ ያህል፥ ለአጭር ለአጭር ጊዜ እያደረጉ እንደሚያጠቡ ገልጸዋል። የአዲስ አበባ እናት እንደዚያ ታድርግ አልልም፤ ነገር ግን በየአራት ሰዓቱ ማጥባት ከፍጥረት የመጣ ሕግ አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

እንግዲያስ ያ የአራት ሰዓት ትእዛዝ ከወዴት መጣ? ይህን ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈልጌአለሁ፤ ጠላቱን ለይቶ ለማወቅ እንደሚፈልግ ሰው መሆኔ ነው። በ1748 በለንደን ዊልያም ካዶጋን የሚባል ሐኪም፥ የተጣሉ ሕፃናት ለሚያድጉበት ቤት አስተዳዳሪዎች በጻፈው ድርሰት፥ ለሕፃን በቀንና በሌሊት አራት ጊዜ መጥባት ይበቃዋል ብሎ ነበር። ከእርሱ በኋላ ከሁሉ ይልቅ ስሙ የተሰማው ትሩቢ ኪንግ ነው። ይህ ሰው በኒውዚላንድ፥ ከዳኒደን ከተማ አጠገብ በሲክሊፍ፥ የአእምሮ ሕሙማን የሚጠበቁበት ቤት የበላይ ሐኪም ነበር፤ ቤቱም ሰፊ እርሻ ስለ ነበረው በጥጆች አመጋገብ ላይ ብዙ ምርመራ አደረገ። በ1907 በኋላ የፕላንኬት ማኅበር የተባለውን የእናቶችና የሕፃናት ማኅበር አቋቋመ፤ በ1913ም ስለ ሕፃናት አመጋገብና አያያዝ መጽሐፍ አሳተመ። ትምህርቱ በየአራት ሰዓቱ፥ በቀን አምስት ጊዜ፥ ሌሊት ዕረፍት የሚል ነው። የእነርሱን ሰዓት በእኛ አቈጣጠር ብለውጠው ያው የእኔ ወረቀት ሆኖ አገኘሁት፦ 12፥ 4፥ 8፥ 12፥ 4።

ሆኖም በትሩቢ ኪንግ ላይ መፍረድ ለእኔ አይቀናኝም። ይህ ሰው የእናት ጡት ከማናቸውም ምግብ ይበልጣል ብሎ የተከራከረ፥ ንጽሕናንና ንጹሕ አየርን ያስተማረ ነው፤ የኒውዚላንድም የሕፃናት ሞት በዚያ ዘመን በዓለም ላይ ዝቅተኛ ከነበሩት አንዱ ነበር። የሳተው በአንድ ነገር ነው፤ ለጠነከረና ወተቱ ለሞላ ልጅ ሊስማማ የሚችለውን ሥርዓት ገና በተወለደው ሁሉ ላይ እኩል ጫነው። እኔም የሳትሁት በዚሁ ነው፤ ነገር ግን እርሱ ሺህ ልጅ ያየ ሐኪም ሲሆን እኔ አንዲት ልጅ፥ እርሷንም በወረቀት በኩል ብቻ ያየሁ ሰው ነበርሁ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ በ1942 የታተመ አንድ ትንሽ ምርመራ ነው። ፍራንሲስ ሲምሳሪያን የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ባለሙያ ልጅ በወለደች ጊዜ፥ ፕሬስተን ማክሌንደን ከተባለ ሐኪም ጋር ተማክራ፥ ልጇን በጠየቀ ጊዜ ብቻ እያጠባች መዘገበች። መዝገቡን የያዘችው ልጁን ለማዘዝ ሳይሆን ከልጁ ለመማር ነው። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ብዙ አልነቃም፤ ወተቱ በመጣ ጊዜ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ሁለተኛ እኩሌታ በቀን አሥር ጊዜ ያህል ይነቃ ጀመር፤ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ስድስትና ሰባት ዝቅ አለ፤ በአሥረኛው ሳምንት ደግሞ ማንም ሳያስገድደው በየአራት ሰዓት ገደማ የሚጠባ ሆነ። ያን ሥርዓት እኔ በሁለተኛ ቀኗ ልጫንባት የሞከርሁት፥ ቢታገሡት ኖሮ ራሱ በጊዜው ሊመጣ የሚችል ነገር ነበር።

ዛሬ ሐኪሞች በዚህ ነገር ላይ ብዙም አይለያዩም። የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ1989 ባወጡት መግለጫ ውስጥ ካሉት አሥር ነጥቦች አንዱ ሕፃን በጠየቀ ጊዜ ሁሉ ይጥባ የሚል ነበር፤ በ2018 ሲታደስም እናት ልጅዋ የሚያሳየውን ምልክት እንድታውቅና እንድትመልስለት ትረዳ ተብሎ ተጻፈ። በቍጥር ይነገረን ለሚሉ (እኔ ከእነርሱ ወገን እንደ ሆንሁ አንባቢ አይቷል) በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይሆናል። በእኩል ሰዓት የተከፋፈለ ግን አይደለም፤ ማታ ማታ በየግማሽ ሰዓቱ የሚጠይቁ፥ ከዚያም ረዘም አድርገው የሚተኙ ሕፃናት ብዙ ናቸው። ይህን ያየች እናት ወተቴ አለቀ ብላ ትደነግጣለች፤ አለማለቁን የሚነግራት ጨርቁ ነው። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በቀንና በሌሊት ስድስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ በሽንት የራሰ ጨርቅ፥ የመጀመሪያው ጥቁር ዓይነ ምድርም ወደ ቢጫ ተለውጦ መታየቱ፥ ልጁ እየዋጠ ለመሆኑ ምስክር ነው። እኔ በሠራሁት ወረቀት ላይ የፊርማ ዓምድ እንጂ የጨርቅ ዓምድ አልነበረበትም።

ምልክቱን ደግሞ መማር ይገባል። ልቅሶ የረኃብ የመጨረሻው ምልክት ነው። ከልቅሶ በፊት ልጁ ከንፈሩን ይልሳል፤ አፉን ከፍቶ ራሱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል፤ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። በዚያን ጊዜ ጡት ቢያገኝ በደንብ ይይዛል፤ ካለቀሰ በኋላ ግን ተናዶና ደክሞ መያዙ ይቸግረዋል። ባለቤቴ ይህን ሁሉ አይታ ነበር፤ አይታም ወደ ግድግዳው ወረቀት ትዞር ነበር፤ ያዞርኋትም እኔ ነኝ። አሁንም ሳስበው የሚከብደኝ ከሁሉ ይልቅ ይህ ነው።

ነገር ግን «በጠየቀ ጊዜ» የሚለው ቃል ለማይጠይቅ ልጅ አይሠራም፤ እንደ እኛዋ ያለ ቀድሞ የተወለደ፥ ቢጫ የሆነ ወይም ክብደት የጎደለው ልጅ አይጠይቅምና። እንዲህ ያለው ልጅ ወደ ትውልድ ክብደቱ እስኪመለስ ድረስ ከሦስት ሰዓት በላይ ከተኛ ተቀስቅሶ ይጥባ ይላሉ ሐኪሞቹ። እንግዲህ ሰዓት ከአራስ ቤት ፈጽሞ ይውጣ አልልም። ሰዓቱ ልጁን ለመቀስቀስ ይሁን፤ ለመከልከል ግን አይሁን።

አማቴን በተመለከተ እውነቱን ልናገር። በልጂቱ ዝምታ ላይ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነበር፤ ልጅ ከእናቱ ደረት አይለይ ማለታቸውም ልክ ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ቅቤ በጣታቸው ሊያቀምሷት ፈልገው ነበር፤ በዚህ ብቻ መጽሐፉና እኔ ትክክል ነበርን። ለአራስ ልጅ ቅቤ ማቅመስ በብዙ አገራችን የቈየ ልማድ ነው፤ እንገሩንም ቢጫና ወፍራም ስለ ሆነ ሕፃኑን ያሳምማል ብለው አልበው የሚደፉ እናቶች ነበሩ፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፉም። እንገር ግን መጠኑ በማንኪያ የሚቈጠር ቢሆንም ልጁን ከበሽታ የሚጠብቅ፥ ያን ጥቁር ዓይነ ምድርም ጠርጎ የሚያወጣ ነው። ቅቤውና የስኳር ውሃው ትንሿን ሆድ ይሞሉና የጡቱን ፍላጎት ያጠፋሉ፤ በሽታም ይዘው ሊገቡ ይችላሉ። በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ከመቶ 73 ሕፃናት በተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ጀምረዋል፤ ከስድስት ወር በታች ካሉት ግን ጡት ብቻ የሚጠቡት ከመቶ 58 ነበሩ። በመጀመር በኩል እናቶቻችን ደኅና ናቸው ማለት ነው፤ ውሃውና ሌላው ነገር የሚገባው በኋላ ነው።

ከሐኪም ቤት በተመለስን ማታ አማቴን ይቅርታ ልጠይቃቸው ወደ ጓዳ ገባሁ። እርሳቸው አብሽ ይመቱ ነበር። ቃሌን ሳልጨርስ፥ «ተወው ልጄ፤ የእኔንም ቅቤ ሐኪሟ አልወደዱትም አሉ» ብለው ሳቁ። ያን ወረቀት በምን አጠፋሁት ብዬ ባሰብሁ ጊዜም፥ የአጥሚቱ እሳት ሲለኰስ እርሳቸው እንደ ተጠቀሙበት ሰማሁ። ነፍሳቸውን ይማር፤ ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ኖሩ።

ያቺ ልጅ ባለፈው ዓመት ራሷ ወለደች፤ ወንድ ልጅ ነው። ልጠይቃት በሄድሁ ጊዜ የእጅ ስልኳን አውጥታ፥ ልጁ የጠባበትን ሰዓትና የራሰውን ጨርቅ በቍጥር የምትመዘግብበትን አሳየችኝ። ሠንጠረዥ መሆኑን ባየሁ ጊዜ ፊቴ ተለውጦ ኖሯል መሰለኝ፤ ታሪኩን ከእናቷ ስለ ሰማች፥ «አባዬ፥ አትደንግጥ፤ ይኼ ከሦስት ሰዓት በላይ ሲተኛ ይቀሰቅሰኛል እንጂ አይከለክለኝም» አለችኝ። ከዚያም ምሳዋን እስክትበላ ልጁን አስታቀፈችኝ። ጥቂት እንደ ቈየ ዓይኑን ሳይገልጥ አፉን ከፍቶ ራሱን ወደ ኮቴ አዞረ፤ ቍልፉንም በከንፈሩ ይፈልግ ጀመር። ስልኩ ላይ ብመለከት ከጠባ ገና አርባ ደቂቃው ነበር። ተነሥቼ ወደ እናቱ ወሰድሁት።